የዕድሩ ዳኛ እንዴት ይወርዳል?

የበልግ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። አቶ ገብረጻድቃን ኡራኤል ታክሲ ሲጠብቁ ዶፉ ድንገት ወረደባቸውና ጋዜጣቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ታዛ ተጠጉ። እዚያ ቀድሟቸው የተጠለለ ወጣት ነበር፤ ቦርሳው እንዳይርስበት ጃኬቱ ውስጥ አቅፎታል። ወጣቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰረቅ አድርጎ አያቸውና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ የአርያም አባት ነዎት አይደል? በወላጆች ቀን አይቼዎታለሁ። ተካ እባላለሁ። ሥነ ዜጋ የማስተምራት እኔ ነኝ።»

የአቶ ገብረጻድቃን ፊት በራ። «አንተ ነህ እንዴ መምህር ተካ! ስምህ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም እኮ። እዚህ ቆመን ከምንረጥብ፣ ና እዚያ ኬክ ቤት ገባ እንበልና አንድ ነገር ልጋብዝህ።»

ተካ እሺ ለማለት ጥቂት ዘገየ። የሚነግራቸው ነገር ነበረው። ቤታቸው ሄዶ ሊነግራቸው አስቦ እግሩ እምቢ ብሎት ነው የሰነበተው። አሁን ዝናቡ ራሱ ሲያገናኛቸው መሸሻ አጣና ተከተላቸው።

አቶ ገብረጻድቃን በካዛንቺስ የታወቁ ሰው ናቸው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በመምሪያ ኃላፊነት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በሰፈሩ ደግሞ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። እሳቸው በመንደሩ ሲያልፉ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ይነሣል፣ ዳማ የሚጫወት ጠጠሩን ይተዋል። አርያም በስተርጅና ያገኟት አንድያ ልጃቸው ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ሒሳቡንና ሳይንሱን «እሱ ለዘመኑ ልጆች ነው» ብለው ለአስጠኚ ትተውላታል። የሥነ ዜጋና የኅብረተሰብ ትምህርት የቤት ሥራ ግን የእሳቸው ርስት ነው። ከራት በፊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ጻፊ» ይሏታል፤ ትጽፋለች። «የመንግሥት ሥልጣን በሦስት ይከፈላል። አራት ነጥብ።» ነጥቡን ሳይቀር ይነግሯታል። ይህን ሲያደርጉ ልጃቸውን እንደማጉረስ ይቆጥሩት ነበር፤ የሚወዱትን ማጉረስ ደግሞ በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም።

ማኪያቶው ሲቀርብ አቶ ገብረጻድቃን አላስቻላቸውም። «ለመሆኑ ያ ስለ ዕድሩ የጻፈችው እንዴት ነበር? እኔም ትንሽ አግዣታለሁ፣ አልደብቅህም።»

ተካ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ያዞር ጀመር። የሰጠው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ በአካባቢያችሁ ካሉ ማኅበራት አንዱን ምረጡ፤ መሪው እንዴት እንደሚመረጥ፣ ለማን ተጠያቂ እንደሆነና ከሥልጣኑ እንዴት እንደሚወርድ ጠይቃችሁ ጻፉ።

«መልሱ ጥሩ ነበር፣ ጋሼ። በጣም ጥሩ ነበር። ማለቴ… ችግሩም እሱ ነው።»

«እንዴት ማለት?»

«አርያም ተነሥታ አነበበች። የዕድራችን ዳኛ በየሁለት ዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ይመረጣል፤ ከባድ ጉዳይ ሁሉ በአባላት ስብሰባ ይወሰናል፤ አለች። ግሩም ነው አልኩና ክፍሉን አስጨበጨብኩላት። ጭብጨባው ሳያልቅ ኢኽላስ እጇን አወጣች። ያወቋት እንደሆነ፣ ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም የገቡት፣ የወይዘሮ ኩልሱም ልጅ።»

አቶ ገብረጻድቃን አወቋት። ስኒያቸውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ኢኽላስ ተነሥታ፣ ቲቸር፣ እኛም የዚያ ዕድር አባል ነበርን፤ አያቴ ስትሞት ድንኳን የከለከለን የትኛው ስብሰባ ነው? አለች። እናቴ ስብሰባ አልተጠራም ነው የምትለው፣ አለች። አርያም ቆማ ቀረች። አባዬ ነው የነገረኝ፣ አለች። ከኋላ አንዱ ልጅ፣ አባቷ እኮ ራሱ ዳኛው ነው! ብሎ ጮኸ። ልጆች አይደሉ፣ ሳቁ። ልጅዎ ግን አላለቀሰችም፣ ጋሼ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እስከ ደወሉ ድረስ ደብተሯን እያየች ተቀመጠች።»

ሀፍረት ብዙ ጊዜ ስሙን ደብቆ ነው የሚመጣው። አቶ ገብረጻድቃን ላይም መጀመሪያ የመጣው ቁጣ መስሎ ነው። ጆሯቸው ጋለ።

«ይህ ነው እንግዲህ የዘመኑ ትምህርት? ልጅ እያስነሡ የትልልቅ ሰዎችን ጉዳይ ማስመርመር? በእኛ ጊዜ ግብረ ገብ ነበር የምንማረው። ታላቅህን አክብር፣ ከሽማግሌ ፊት አትቅደም። ልጅ ይበላል እንጂ እህሉ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም!»

«ግብረ ገቡን አልጠላሁትም፣ ጋሼ። ግን ጠይቆ የማያውቅ ልጅ ሲያድግ መልስ ከየት ያመጣል? ሚኒስትሪ ሲፈተኑ እርስዎ አጠገቧ አይቀመጡም።»

«ፈተናውን ተወው። እኔ ለልጄ ውሸት አልነገርኳትም። የነገርኳት የዕድሩን ደንብ ነው። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ! ደንቡ በየሁለት ዓመቱ ይላል። ውሸት ነው?»

«ደንቡ እውነት ነው» አለ ተካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥያቄዬ ግን ደንቡ ምን ይላል አልነበረም። ጠይቃችሁ ጻፉ ነው ያልኩት። አርያም አልጠየቀችም፤ ተነገራት። የተነገራትና የሚሆነው ለየቅል መሆኑን ያወቀችው ስድሳ ልጅ ፊት ቆማ ነው። በቃ፣ አሁን ምን ብዬ ላስተምራት? ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ይላል ስላት፣ እንደ ዕድራችን ይሆን? ብትለኝስ?»

አቶ ገብረጻድቃን ወደ መስኮቱ ዞሩ። መስተዋቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ከውጭ ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጣራል። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ።

«አንተ ልጅ ነህ፤ ያን ዘመን አልደረስክበትም። እኔ ሃድጉ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ጠያቂ ነበር። ይህ መሬት የማን ነው? ይህን ማን ወሰነ? ሲል ነው የሚውለው። ወታደሮቹ አንድ ሌሊት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እናቴ ያኔ አጠገቧ አስቀምጣ ምን አለችኝ መሰለህ? አንተ የታዘዝከውን ጻፍ፣ የተባልከውን በል፣ አለችኝ። ይኸው የታዘዝኩትን ጽፌ፣ የተባልኩትን ብዬ፣ ለጡረታ በቃሁ። ልጄንም የማስተምራት ይህንኑ ነው። በመንግሥት ጥያቄ ላይ ትክክለኛ መልስ አለ፤ እሱን ትጽፊያለሽ፤ በሰላም ትገቢያለሽ።»

ተካ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። «አላወቅሁም ነበር። አሁን ገባኝ፤ የሚነግሯት ፈርተውላት ነው።» ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እንደሚመርጥ ሰው ቀስ እያለ ቀጠለ። «ግን ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚህ ዕድር ውስጥስ ሰው የሚፈራው ማንን ነው?»

አቶ ገብረጻድቃን ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ከአንደበታቸው ሳይደርስ ፊታቸው ላይ ደረሰ። በዕድሩ ውስጥ ጠያቂ ያጡት፣ ሲገቡ ሰው ሁሉ ዝም የሚልላቸው፣ አይሆንም የሚላቸው ያልተገኘ ሌላ ሰው የለም፤ እሳቸው ናቸው። ፈሪ ሆነው ያደጉት ሰው ተፈሪ ሆነው አርጅተዋል፤ ይህንንም እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቁትም ነበር።

ተካ ከመለያየታቸው በፊት የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የቤት ሥራውን እንደ አዲስ እንድትሠራ ነግሬያታለሁ። እባክዎ ጋሼ፣ አይንገሯት። ስትጠይቅዎ ብቻ ይመልሱላት።»

ዝናቡ ሲያባራ አቶ ገብረጻድቃን በእግራቸው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። የካዛንቺስ ግማሹ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከአጥሩ ኋላ የፈረሱ ቤቶች ግድግዳ ከነቀለሙ ይታያል። ከጎሚስታው ደጃፍ የተቀመጡት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉላቸው። እስከ ትናንት ይህ ክብር ነበር። ዛሬ ግን የእያንዳንዱን ዓይን እያዩ፣ ይህ የተነሣልኝ አክብሮኝ ነው ወይስ ነገ አንድ ሰው ሲሞትበት ድንኳን እንዳልከለክለው ነው? እያሉ አለፉ። «ኧረ በእግዜር ተቀመጡ!» አሏቸው፤ ሰዎቹ ደንግጠው እንደ ቆሙ ቀሩ።

የወይዘሮ ኩልሱም ነገር እንዲህ ነበር። ወይዘሮ ኩልሱም ካዛንቺስ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ዕድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አባል የነበሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ፈርሶ ጎተራ በገቡ በጥቂት ጊዜ እናታቸው አረፉ። የዕድሩ ጸሐፊ ፍቅሬ መጥቶ ምን እናድርግ ሲል፣ አቶ ገብረጻድቃን ቁርስ ላይ ነበሩ። «ዕድር የሰፈር ነው» አሉ። «ዛሬ ጎተራ ድንኳን ከላክን ነገ አቃቂ ሊሉን ነው። ከሰፈር የወጣ ከዕድር ወጥቷል።» ፍቅሬ «ጋሼ፣ አባላቱን ጠርተን ብንመክር?» ሲል፣ «ለዚህ ለዚህ ሰው አይሰበሰብም» ብለው ወደ ቁርሳቸው ተመለሱ። ነገሩ ያለቀው በዚህ ነው። እንቁላሉ እንኳ አልቀዘቀዘም።

ቤት ሲደርሱ አርያም ጠረጴዛው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ትጠብቃቸዋለች። ባለቤታቸው ወይዘሮ እጸገነት ከጓዳ ብቅ ብለው የባላቸውን ፊት አዩና ተመለሱ። አቶ ገብረጻድቃን በልማዳቸው «ጻፊ» ሊሉ ሲዳዳቸው ምላሳቸውን ያዙ።

«ጠይቂኝ፣ ጓለይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በእናታቸው ቋንቋ የሚጠሯት ሆዳቸው ሲባባ ነው።

አርያም ቀና አላለችም። «ዕድሩን ሲመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

አቶ ገብረጻድቃን ደነገጡ። አርያም አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንተ እንጂ እርስዎ ብላቸው አታውቅም። «እንዴ፣ እርስዎ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ቲቸር ኃላፊ ስትጠይቁ በአክብሮት ጠይቁ ብሎናል።»

ኃላፊ። ያቺ አክብሮት እንደ ጥፊ አረፈችባቸው። «አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ።

«መጀመሪያ እንዴት ተመረጡ?»

«በድምፅ ነው። ሦስት ዕጩዎች ነበርን። ሰው ሁሉ በወረቀት ጽፎ መረጠኝ።» ይህን ሲናገሩ ትንሽ ቀና አሉ፤ እውነትም ነበር።

«ለሁለተኛ ጊዜስ?»

«ያን ጊዜ… ይቀጥሉ ተባለ። አጨበጨቡ።»

«ለሦስተኛ ጊዜስ?»

ከጓዳ ይሰማ የነበረው የሣህን ድምፅ ቆመ። «ከዚያ በኋላ ስብሰባ አልተጠራም» አሉ አቶ ገብረጻድቃን።

አርያም ጻፈች። «ስብሰባ የሚጠራው ማን ነው?»

«ዳኛው።»

«የነኢኽላስን ድንኳን ማን ከለከለ?»

«እኔ።»

«ማንን አማከሩ?»

«ማንንም።»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ስትሄድ ትሰማለች። ይህን ሁሉ ዓመት ለልጃቸው ሲያስጽፉ እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። በሠሩበት መሥሪያ ቤት ስንት መርማሪ፣ ስንት ኦዲተር ቁልቁል አይተው አሳልፈዋል፤ ይህችን መርማሪ ግን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«የመጨረሻው ጥያቄ ነው» አለች አርያም። «የዕድሩ ዳኛ እንዴት ይወርዳል?»

አቶ ገብረጻድቃን አሰቡ። ደንቡን በቃላቸው ያውቁታል። የሚወርድበትን መንገድ ግን እሳቸው ስብሰባ ባለመጥራት ዘግተውት፣ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተውት ኖረዋል።

«አላውቅም» አሉ።

«አላውቅም ብለዋል ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊ።»

ጻፈችና ደብተሯን ዘጋች። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየቻቸው። «አባዬ፣ እኔ እኮ እውነት መስሎኝ ነው ያነበብኩት። ኮርቼ ነው ያነበብኩት። አንተ ከነገርከኝ እውነት ነው ብዬ ነው።»

አቶ ገብረጻድቃን እጃቸውን ወደ ራሷ ዘረጉ፤ ግን የመዳበስ መብት ያላቸው አልመስል ብሏቸው መንገድ ላይ መለሱት። ልጅቱ ተነሥታ ወደ መኝታዋ ስትሄድ ወይዘሮ እጸገነት ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«እንግዲህ አንተ ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ። እኔም ያኔ ዝም ብዬሃለሁ፤ የኩልሱምን እናት ለቅሶ ተደብቄ ነው የደረስኩት።»

«ተደብቀሽ? ከማን?»

ወይዘሮ እጸገነት ቀና ብለው አዩዋቸው። ሌላ መልስ አላስፈለገም።

ቅዳሜ ዕለት አቶ ገብረጻድቃን ጎተራ ሄዱ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በየፎቁ እያረፉ ወጥተው ሲያንኳኩ የከፈተችላቸው ኢኽላስ ናት። ባየቻቸው ጊዜ ወደ ኋላ አለች። «ማሚ፣ የአርያም አባት መጡ» ብላ ውስጥ ገባች።

ወይዘሮ ኩልሱም ሻሻቸውን እያስተካከሉ መጡ። «ጋሽ ገብረጻድቃን! ኧረ ይግቡ፣ ደረጃው ገደለዎት። ውኃ አምጪ ኢኽላስ!» አሉ። የበደሉት ሰው ሲያከብር ማየት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ቢሰድቧቸው ደስ ባላቸው።

«ኩልሱም» አሉ ውኃውን ሳይጠጡ፣ «እናትሽን የቀበርሽ ጊዜ ያደረግሁት ነውር ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ ኩልሱም ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። «ድንኳን ጠፋ ብለን ሬሳ አላሳደርንም» አሉ። «ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው የዚህ ሕንጻ ሰዎች ወንበር አወረዱልኝ፣ ሸራ ወጠሩልኝ። የቆጨኝ ድንኳኑ አይደለም። ካዛንቺስ ውስጥ የስንቱን ሬሳ አብሬ የሸኘሁ ሰው፣ አንድ ቀን ጠርተው፣ ኩልሱም፣ እንዲህ ሆኗል፣ ምን ትያለሽ? ሳይሉኝ መቅረትዎ ነው። ጥሩምባ ነፊው በየደጁ ቆሞ፣ ጎተራ የሄዱት ከዕድር ወጥተዋል ሲል ነው የሰማሁት። እንደ ሌባ።»

«እውነትሽን ነው። ገብቶኛል።» አቶ ገብረጻድቃን ደረታቸውን ነፋ አደረጉ፤ የሚክሱበትን መንገድ ያገኙ መሰላቸው። «ነገ ጠዋት ፍቅሬን እጠራዋለሁ። አንቺም ሆንሽ አብረውሽ የወጡት ሁሉ ወደ ዕድሩ እንድትመለሱ አዛለሁ። አለቀ። ከነገ ጀምሮ አባል ናችሁ።»

ወይዘሮ ኩልሱም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ደስታ አልነበረበትም። «አዩ ጋሽ ገብረጻድቃን? አሁንም እርስዎ ነዎት የሚያዙት። ሲያባርሩን ብቻዎን፣ ሲመልሱን ብቻዎን። ከነገ ወዲያ ደግሞ ቢቀየሙኝስ? እኔ በርስዎ ቸርነት አልመለስም። የወጣሁት በደንቡ ባይሆንም፣ የምገባው በደንቡ ነው።»

የአቶ ገብረጻድቃን የተነፋ ደረት ሟሸሸ። ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተው ያንኑ ጥፋት ደግመውት ነበር፤ ያውም ቸር የሆኑ መስሏቸው። ከውስጥ ክፍል ኢኽላስ በር ገርበብ አድርጋ ስታያቸው አዩና ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ።

«እንግዲያው ምን ላድርግ?» አሉ። አንድን ሰው ምን ላድርግ ብለው ከጠየቁ ስንት ዘመናቸው!

«ይሰብስቡን። የቀረነውንም የወጣነውንም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሳይሆን ከእኛ ጋር አግዳሚው ላይ ይቀመጡ።»

ስብሰባው የተጠራው በዕድሩ ግቢ ነው። አቶ ገብረጻድቃን ቆመው ያደረጉትን ሁሉ ተናገሩ፤ ረጅም ንግግር የለመዱ ሰው በጥቂት ቃል ጨረሱ። ሲቀመጡ ግቢው ጸጥ አለ። ሰው የሚለው አጥቶ አልነበረም፤ ማለት ስላልለመደ ነው። ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ «ኧረ ጋሼ ምንም አላጠፉም! ማን ነው እንደሳቸው የደከመልን? ይቀጥሉ!» ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ሌላውም ተቀበላቸው፤ ጭብጨባው ግቢውን ሞላው።

እውነቱን ለመናገር ያ ጭብጨባ ጣፈጣቸው። ከዚያን ሁሉ የሀፍረት ቀን በኋላ እንደ ሞቀ ጋቢ ትከሻቸው ላይ አረፈ። ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ከኋላ የቆመችውን አርያምን ሲያዩ ግን እጇን አጣምራ ቆማለች፤ አታጨበጭብም። አቶ ገብረጻድቃን ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«አታጨብጭቡ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ያለፈውም የተበላሸው በጭብጨባ ነው። እባካችሁ፣ ወረቀት ይታደል።»

የጎተራዎቹ ጉዳይ ብዙ አከራከረ። ድንኳኑ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ያልቃል ያሉ ነበሩ፤ ከሰፈር ያወጣቸው መንግሥት እንጂ እነሱ ፈልገው አልወጡም ያሉም ነበሩ። ወይዘሮ ኩልሱም ተነሥተው፣ «የድንኳኑን ማጓጓዣ እኛው እንችላለን፤ ስማችንን ግን መልሱልን» አሉ። ድምፅ ሲሰጥ በጥቂት ብልጫ ተመለሱ። ለዳኝነት ደግሞ መድኃኒት የምትባል፣ ባንክ የምትሠራ የሰፈሩ ልጅ ተመረጠች፤ በዕድሩ ሴት ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ናት። ለአቶ ገብረጻድቃን የወጣው ድምፅ ትንሽ ነበር። ይህን ያህል ትንሽ ይሆናል ብለው አልጠበቁም። ያጨበጨበው ሕዝብ ብዙ፣ የመረጣቸው ጥቂት መሆኑን ሲያዩ፣ ያ ሁሉ ዓመት ይሰሙት የነበረው ጭብጨባ ምን እንደነበር ገባቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሩ ተለወጠ። ስብሰባ በየጊዜው ይጠራል፤ ሰው መጨቃጨቅ ለመደ፣ ከተጨቃጨቀም በኋላ አብሮ ሻይ መጠጣት ለመደ። ሌሎች ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ የሚወጡት ሰዎች፣ ቤታችንን ብናጣ ዕድራችንን አናጣም ብለው ወጡ። ፍቅሬ ሐሳቡን ከፍ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረ፤ ድምፁ እንዲህ ወፍራም መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙት ልጆቹ ናቸው። መምህር ተካ ጥያቄ ሲሰጣቸው ወደ ቀበሌው፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ዕድሩ ሄደው ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ኃላፊዎቹ «ማን ላካችሁ?» እያሉ አባረሯቸው፤ ልጆቹ ግን ተመልሰው ሄዱ፤ ኋላ ኋላ ወንበር ይሰጧቸው ጀመር። የሚጠየቅ ሰው ሥራውን አስተካክሎ ይጠብቃል፤ የሚጠይቅ ልጅም መልስ ከአንድ አፍ ብቻ እንደማይገኝ ያውቃል። አገርም የሚቀናው በዚህ ነው፤ ወላጅ ለልጁ መልስ በማጉረስ ሳይሆን፣ ሲጠየቅ እውነቱን በመመለስ፣ የማያውቀውንም አላውቅም በማለት።

አቶ ገብረጻድቃንን ሀፍረታቸው ቶሎ አልለቀቃቸውም። ወይዘሮ እጸገነት «እንግዲህ ተወው፣ አለፈ» ሲሏቸው፣ «ይቆይ፣ ቆንጠጥ ሲያደርገኝ ነው ከሰው የሚያኖረኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አርያም ኢኽላስን ይዛት መጣች። ኢኽላስ ከዚያ ነገር ወዲህ እቤታቸው ረግጣ አታውቅም፤ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ቲቸር ጥያቄ ሰጥቶን ነበር። ደግ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ለምን ይለወጣል? የሚል ነው።»

አቶ ገብረጻድቃን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ጻፉ» ሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መልሱም ከነአራት ነጥቡ አፋቸው ላይ ነበር። ከዚያ ፊታቸው ቀላ። መነጽራቸውን አውርደው አጠፉት።

«ስለ ሌላው ሰው አላውቅም» አሉ። «እሱን ሄዳችሁ ጠይቁ። ስለ እኔ ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ኢኽላስ ልጄ። ግቢና መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ።»

ኢኽላስ ገባችና ወንበር ሳበች።